የኬሞ መቀመሚያ ክፍሎች ይፈተሹልን



በ2017 ዓ.ም. «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» ላይ የወጣ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአራት የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ የካንሰር መድኃኒቶችን መርምሮ፣ ከስድስቱ አንዱ ያህል ከደረጃ በታች መሆኑን ከገለጸ ወዲህ ስለ መድኃኒት ጥራት ብዙ ተብሏል። ጥናቱ የለካው ግን በብልቃጡ ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ነው። ብልቃጡ ሆስፒታል ገብቶ ከተከፈተ በኋላ ስለሚሆነው ሲነገር አልሰማሁም።

አብዛኛው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) እንደ ክኒን ተቆጥሮ አይሰጥም። ዱቄቱ ይሟሟል፤ በታካሚው ቁመትና ክብደት ተሰልቶ በስሪንጅ ይቀዳል፤ ከዚያም የግሉኮስ ወይም የጨው ፈሳሽ ከረጢት ውስጥ ይገባል። መርፌው ጎማውን በወጋ ቁጥር ለጀርም በር ሊከፍት ይችላል። ታካሚው ደግሞ ነጭ የደም ሴሉ በሕክምናው የተመናመነ ነውና ጤነኛ ሰው የማይሰማው ጀርም እሱን አልጋ ላይ ይጥለዋል።

እህቴን ሳስታምም፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ ኬሞው የሚቀመመው ነርሶች ካርድ በሚጽፉበት ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ነርሷ ጓንት አድርጋለች፤ በዚያው ጓንት ስልኳን አንስታ አናግራ ተመልሳ መርፌውን ያዘች። በእሷ አልፈርድም፤ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየጠበቃት ነበር።

እኔ በምነግድበት በርበሬ በረንዳ ገዢ ጆንያ አስፈትቶ፣ ዱቄቱን መዳፉ ላይ አሽቶና አሽትቶ ሸክላ የተቀላቀለበትን ይለያል። የኬሞ ከረጢት ግን ጀርም ገብቶበትም ኩልል ብሎ ሊንጠለጠል ይችላል።

«እንግዲያው እያንዳንዱ ከረጢት ይመርመር» ማለት አያስኬድም። የጀርም ምርመራው 14 ቀን ይፈጃል፤ ጠዋት የተቀመመው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደም ሥር ውስጥ ነው። ጥቂት ናሙና ማስመርመርም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቀማሚ ድርጅት ከሺዎች መካከል ጥቂት ብልቃጥ ብቻ አስመርምሮ ያሠራጨው መርፌ ሻጋታ ነበረበት፤ 753 ሰዎች ታመው 64ቱ ሞቱ።

መፈተሽ ያለበት እጁና ክፍሉ ነው። ባለሙያው በመድኃኒቱ ፈንታ ጀርም የሚያራባ ፈሳሽ ይዞ እንደ ወትሮው ይቅዳ፣ ይቀላቅል፤ ከረጢቱም 14 ቀን ማሞቂያ ውስጥ ይቆይ። ከደፈረሰ አሠራሩ ጀርም ያስገባል ማለት ነው። የጓንቱም ጣቶች ጀርም በሚራባበት ካልቸር ሳህን ላይ ይታተሙ። ይህን የሚሠራ ላቦራቶሪ በትልልቅ ሆስፒታሎቻችን አለ።

«ድሃ አገር ነን፤ አየር የሚያጣራው ካቢኔት ውድ ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ውድ ነው። ነገር ግን ፈተናው ይበልጥ የሚያስፈልገው ካቢኔት ለሌለው ክፍል ነው፤ ግዢው የት መቅደም እንዳለበት የሚነግረንም ውጤቱ ነው።

ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን ሕፃናት ሜቶትሬክሴት የተባለ የኬሞ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ሲታመሙ የተረፈው ብልቃጥ ተመርምሮ ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ተገኘበት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያ አወጣ። ነገሩ የታወቀው የመረመረ ስለነበረ ነው። እኛ ዘንድ የካንሰር ሕመምተኛ አተኩሶት ሲሞት «በሽታው ጸናበት» ተብሎ ሊቀበር ይችላል።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሦስት ነገር ያስገድዱልን። ኬሞ የሚቀምም ሁሉ በየስድስት ወሩ ያንን በጀርም ማራቢያ ፈሳሽ የሚደረገውን ፈተና ይለፍ። ከኬሞ በኋላ ያተኮሰው ታካሚ ደሙ ካልቸር ተደርጎ ውጤቱ ለመቀመሚያ ክፍሉም ይድረስ። የፈተናው ውጤት ከነቀኑ በክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የመጀመሪያው ፈተና ውጤት እንደወጣ ሊጀመር ይችላል። ወረቀቱን በር ላይ ያጣ አስታማሚም «የት አለ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ይኖረዋል።


አንድ ነጋዴ፣ ከበርበሬ በረንዳ፣ አዲስ ከተማ