ክሩን በጥሰው!

ድብ ከማዶ እየመጣ፣ መንጠቆህ የያዘውን ሳልመን ካላወጣሁ ብለህ የምትታገል ሰውዬ፣ ዛሬ ጠቤ ካንተ ጋር ነው። ክሩን በጥሰው እንጂ! የዓሣ መንፈራገጥ የሰማ የአላስካ ቡናማ ድብ ዝም ብሎ አያልፍም። በካትማይ ብሔራዊ ፓርክ፣ ብሩክስ ወንዝ፣ እንግዳ ሁሉ ገና ሲደርስ የድብ ትምህርት የሚሰጠው፣ ድብ ሲቀርብም አጥማጁ ክሩን በጥሶ ዓሣውን እንዲለቅ የሚታዘዘው በከንቱ አይደለም። ካንተ አንዴ የቀማ ድብ ነገ ዘንግ የያዘውን ሁሉ ይከተላል። ነገ የሚመጣው አጥማጅ ደግሞ ልጁን ይዞ ይሆናል።

እዚያው አላስካ፣ ኬናይ ውስጥ ራሺያን ሪቨር ዳር ያለው ጉድ ይብሳል። ቀዩ ሳልመን በገባ ሰሞን ሰው ተጠጋግቶ ያጠምዳል፣ እዚያው ይበልታል፣ ራስና አጥንቱን ዳር ላይ ጥሎ ይሄዳል። ቆራርጣችሁ ወደ ፈጣኑ ውሃ ወርውሩት ተብሎ ስንቴ ተነገረ! ምሳውን ከነቦርሳው ሣር ላይ ትቶ ወንዝ የሚገባውንማ ተዉት።

«ሽጉጥ አለኝ» ትለኛለህ። ስሚዝና ሄሬሮ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1985 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በአላስካ የደረሰውን መርምረው፣ የድብ መርጫ ይዘው ድብ ከገጠማቸው ሰዎች 98 በመቶው ሳይጎዱ መትረፋቸውን ጻፉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ጦር መሣሪያው ዞሩ፤ የተኮሰውም ያልተኮሰውም የጉዳቱ መጠን ያው ሆኖ ተገኘ። መርጫው ውስጥ ያለው እኮ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ነገር ነው! ሚጥሚጣ ሲታጠን እያነጠሰ ያደገ ሐበሻ እንዴት በርበሬ ይንቃል? እኔ ወንዝ ስወርድ መርጫዬ ወገቤ ላይ ናት። ቦርሳ ታች የተቀበረች መርጫ ለማንም አትደርስም።

«ድብ ያውቀኛል» ባይም አለ። ቲሞቲ ትሬድዌል ካትማይ ውስጥ 13 በጋ ከድቦች ጋር ከረመ፣ መርጫ መያዙንም ተወ። በኦክቶበር 2003 እ.ኤ.አ. እሱና ጓደኛው ተበሉ፤ ሁለት ድቦችም በጥይት ተገደሉ።

አንተም ብትተኩስ ነገሩ እዚያ አያበቃም። በአላስካ ሕግ ራሱን ለመከላከል ድብ የገደለ ሰው ቆዳውን ከነጥፍሩ ገፎ፣ ከራስ ቅሉ ጋር ለመንግሥት ያስረክባል። ድቡን የጠራው በትነህ የተውከው ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ «ራሴን ተከላከልኩ» ማለትህ አያድንህም። አንዲት ሳልመን ለዚህ ሁሉ ትበቃለች ካልክ፣ እሺ፣ ቢላህን ሳል።