ከቆጣሪው ወዲህ ስላለው የኤሌክትሪክ ሽቦ



እሳት ለሰው ልጅ አገልጋይም ጠላትም መሆኑን የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። አባቶቻችን እሳትን በጉልቻ መካከል አንድደው፥ ማታ በዐመድ አዳፍነው፥ ጧት ገልጠው ሲገለገሉበት ኖረዋል። የሚታይ እሳት ስለ ነበረ ጥበቃውም በዓይን ነበር። በዘመናችን ወደየቤቱ የገባው የኤሌክትሪክ ኃይል ግን በግድግዳ ውስጥ የሚሄድ፥ መልክና ድምፅ የሌለው እሳት ነው። ጭስ እስኪያወጣ ድረስ ማንም አያየውም። ስለዚህ የማይታየውን የሚያይ፥ ዕውቀትም ሥልጣንም ያለው መርማሪ ያስፈልገዋል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንነጋገርበት የወደድነው ነገር፥ ይህ መርማሪ እንዴት ይቁም፥ ደመወዙንስ ማን ይክፈለው የሚለው ነው።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በ1890 ዓ.ም ገደማ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥቱን ለማብራት ነበር። በ1924 ዓ.ም የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራውን ጀመረ። በ1948 ዓ.ም የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም ኤሌክትሪክን ለሕዝቡ ሁሉ ለማዳረስ የታሰበበት ብሔራዊ ፕሮግራም ወጣ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ የሚሄደው ዓባይ ለብዙ ዘመን ሲዘፈንለት ኖሮ፥ በመጨረሻ መብራት ሆኖ ታየ። ደስታውም የሁላችን ነው። ነገር ግን ኃይል በበዛ መጠን ሽቦ ይበዛል፤ ሽቦ በበዛ መጠንም ጥበቃው ካልበዛ፥ በረከቱ ወደ ሐዘን ሊለወጥ ይችላል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት፥ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ የሚደርሰውን፥ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚቀጥለውን መንገድ እናስብ። በቢቸናና በሞጣ ብዙው ቤት በባሕር ዛፍ ተማግሮ፥ ጭድ በገባበት ጭቃ ተመርጎ፥ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ከቆርቆሮው በታች አንዳንዱ አቡጀዲ፥ አንዳንዱም የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስ አድርጎ ይወጥራል። ወደዚህ ቤት በመጀመሪያ የሚገባው አንድ አምፖል ነው። ቀጥሎ ቴሌቪዥን ይመጣል። በመጨረሻ የቤቱ እመቤት ከጭስ ትገላገል ዘንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛል። ለአምፖሉ ተብሎ የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ግን በቦታው እንዳለ ይቀራል።

የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ኃይል ይስባል። ይህም ባለ 10 ዋት የሆኑ 350 አምፖሎች በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። በ220 ቮልት ሲታሰብ 16 አምፔር ይሆናል። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኃይለ ፍሰት እጥፍ ሲሆን፥ በሽቦው ላይ የሚወጣው ሙቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ለመብራት የሚበቃው ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ለምጣድ አይበቃም። ልባሱ ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ከጭዱ ወይም ከአቡጀዲው ጋር ይገናኛል። ፊውዙ ሲቃጠል በፊውዝ ፈንታ የመዳብ ክር የሚጠመጥምበት ሰውም አለ። ይህ ሰው መብራቱን የመለሰ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት መተው ነው።

በዚህም ላይ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤተ ሰብ የሚያገለግልበት ልማድ አለ። ቆጣሪ ያለው ለጎረቤቱ ሽቦ ይሰጣል፤ ያም ለሌላው ያካፍላል፤ ገመዱም በአጥር ላይና በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሄዳል። ይህ የጉርብትና ፍቅር እንጂ ክፋት አይደለም። ሆኖም አራት ቤት በአንድ ሽቦ ላይ ለበዓል ዋዜማ እንጀራ ሲጋግር፥ ሽቦው የጎረቤትን ፍቅር አይቶ አይራራም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። በ1952 ዓ.ም የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይናገራል፤ በአንቀጽ 2077ም የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በ1989 ዓ.ም የኤሌክትሪክን ሥራ የሚቆጣጠር ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 86 ተቋቋመ። በ2006 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 810 የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ተተካ፤ ለኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮችም የብቃት ማረጋገጫ የመስጠት ሥልጣን ተሰጠው። በ2014 ዓ.ም ይህ ሥራ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተዛወረ። እንግዲህ የጎደለው የአዋጅ ብዛት አይደለም። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ የሚናገረው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ስለሚከፈለው ካሣ ነው። ባለሥልጣኑም መቀመጫው ከዓባይ በረሃ ማዶ በአዲስ አበባ ነው። ኃይል የሚሸጠው መሥሪያ ቤት መስመሩን እስከ ቆጣሪው ድረስ ያያል፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው፥ ልጆች የሚተኙበት ግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ሽቦ ግን ለባለ ቤቱ ይተዋል። ባለ ቤቱም የኤሌክትሪክን ነገር የሚያውቅ አይደለም።

በችሎት ተቀምጠን የግራ ቀኙን ቃል ስንጽፍ የሰማነው አንድ ክርክር ይህን በግልጥ ያሳያል። በኪራይ የተያዘ ማድ ቤት በሌሊት ተቃጠለ። ባለ ቤቱ፥ «ተከራይዋ በመብራት ሽቦ ላይ ምጣድ ቀጥላ አቃጠለችብኝ» አለ። እርስዋም፥ «ሽቦው እኔ ሳልገባ የተዘረጋ ያረጀ ነው፤ እኔም ዕቃዬን አጣሁ፥ የልጄም እጅ ተቃጠለ» አለች። ሽቦውን የዘረጋው ሰው ስሙም አልታወቀ፥ አድራሻውም አልተገኘ። ዳኛው፥ «ይህ ሽቦ ለምን ያህል ጭነት እንደ ተሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ አለ ወይ» ብለው ቢጠይቁ፥ ከሁለቱም ወገን የቀረበ አንዳች ወረቀት አልነበረም። ሽቦው ቀልጦ፥ ልባሱም ዐመድ ሆኖ ምስክር ሊሆን አልቻለም። ለአንድ በሬ ሽያጭ ዋስና ምስክር የሚጠራ ሕዝብ፥ ልጆቹ ለሚተኙበት ቤት ሽቦ ምስክር ሳይጠራ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

በሌሎች አገሮች የተደረገውን መመልከት ይጠቅማል። እንግሊዞች ከኤሌክትሪክ መብራት የሚነሣውን የእሳት አደጋ ለመከላከል የመጀመሪያውን ደንብ ያወጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ቤት የሚያከራይ ሰው ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ሽቦውን በባለሙያ አስመርምሮ ወረቀቱን ለተከራዩ መስጠት ግዴታው ሆነ። በፈረንሳይ አገር ኮንስዌል የተባለ የመርማሪዎች ማኅበር በ1964 ተቋቁሞ፥ በ1972 በወጣው ድንጋጌ አዲስ ቤት ያለ እርሱ ማረጋገጫ ኃይል እንዳይቀጠልለት ተወሰነ። በደቡብ አፍሪቃም ቤት ሲሸጥ ከ2 ዓመት ያልበለጠ የኤሌክትሪክ ደኅንነት ወረቀት ይጠየቃል። በእነዚህ አገሮች የምርመራውን ዋጋ የሚከፍለው አከራዩ ወይም ሠሪው ወይም ሻጩ ነው።

ይህን ሥርዓት እንዳለ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ብናመጣው ግን ይሠራልን? እኛ እንደሚመስለን አይሠራም። መርማሪውን የጠራ ሰው ዋጋውን ይክፈል ከተባለ፥ ድኻው አይጠራውም። መርማሪው ራሱ ከመጣም ድኻው በሩን ይዘጋል፤ የጎረቤቱን ሽቦ በቀን ፈትቶ በሌሊት ይቀጥላል። አከራዩም ዋጋውን በኪራዩ ላይ ይጨምራል። እንዲህ ሆኖ ምርመራው ደኅና ሽቦ ያላቸውን ባለጠጎች ብቻ ይጎበኛል፤ ሊቃጠል የተቃረበው ቤት ግን ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ የምርመራው ዋጋ በደጃፍ ላይ መጠየቅ የለበትም፤ ከሁሉ ጥቂት ጥቂት ተሰብስቦ አስቀድሞ መቀመጥ አለበት እንጂ።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ከተማ 5,000 ቆጣሪ አላት እንበል። በየወሩ ከሚከፈለው የመብራት ሒሳብ ጋር ከአንድ ቆጣሪ 5 ብር ቢታከል፥ በወር 25,000 ብር፥ በዓመት 300,000 ብር ይሆናል። ይህም ለሁለት መርማሪዎች ደመወዝ ደኅና መነሻ ነው። ሁሉም ቤት በ5 ዓመት አንድ ጊዜ እንዲታይ በዓመት 1,000 ቤት መመርመር ያስፈልጋል። በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢታሰብ፥ ለእያንዳንዱ መርማሪ በቀን ሁለት ቤት ይደርሰዋል። የጎደለውን፥ ይልቁንም የመለኪያ መሣሪያውንና የድኾችን ሽቦ ማደሻ፥ መንግሥት ከግምጃ ቤቱ ቢጨምር የሚከብድ አይመስለንም።

አንዳንዶች፥ ግምጃ ቤቱ ሐኪም ቤትና መንገድ እየጠበቁት እንዴት ለሽቦ ያወጣል ይሉ ይሆናል። እኛ ግን የተቃጠለ ሰው መታከሚያ፥ ቤት ያጣ ቤተ ሰብ መርጃም ከዚያው ሣጥን እንደሚወጣ እናስታውሳቸዋለን። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ሌሎች ደግሞ መርማሪው መማለጃ ይቀበላል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱም አለው። የመርማሪው ደመወዝ ባለፉለትና በወደቁበት ቤቶች ቍጥር አይወሰን። ያየውን ሁሉ በታወቀ ዝርዝር ጽፎ ይፈርም፤ አንዱ ቅጂ ለቤቱ፥ አንዱ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ይቅር። ከመረመራቸውም ቤቶች ጥቂቱን ሌላ መርማሪ ደግሞ ይያቸው። ሽቦ የሚዘረጋና ሽቦ የሚሸጥ ሰውም መርማሪ አይሁን።

ይህ የመጨረሻው ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም አድባራት ብራና የሚጽፍ ሰው መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ ሌላ ዐዋቂ ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር አስተያይቶ ያርምለታል። ይህ ጸሐፊውን ለመናቅ አይደለም፤ የጻፈ ዓይን የራሱን ግድፈት ስለሚያልፈው ነው። ለፊደል ይህን ያህል የተጠነቀቀ አገር ለነፍስ አይተኛም።

መርማሪውም ሲመጣ እንደ ቀጪ ሳይሆን እንደ ሐኪም ይምጣ። ጥፋት ባገኘ ጊዜ የመጠገኛ ቀን ይስጥ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር መብራቱን በዚያው ቀን አይቍረጥ። መብራት የሚያስቈርጥ መስሎ የታየ ሰው በየበሩ ይደበቁታልና።

እስከዚያ ድረስ ግን የቤት እመቤቶችና አባወራዎች ራሳቸው ሊያዩት የሚገባ ነገር አለ። ሶኬቱ ወይም ገመዱ በእጅ ሲነካ ቢሞቅ፥ የተቃጠለ ላስቲክ ቢሸት፥ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ቢደበዝዝ፥ ሽቦው ከጭነቱ በታች ነውና ባለሙያ ይጠራ። ምጣድ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ በዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አይሰካ። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የሚሄድ ሽቦ በቱቦ ይግባ። ሠራተኞች ኧርዝ የሚሉት፥ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ አይቅር፤ የብረት ዕቃ ኃይል ቢያመልጠው ወደ መሬት የሚያወርድለት እርሱ ነው። ባለ 10 ዋት አምፖል የሚስበው 45 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ ይህችው ጥቂት ፍሰት በሰው ደረት ለጥቂት ጊዜ ብታልፍ ልብን ልታቆም ትችላለች። ስለዚህ በ30 ሚሊ አምፔር ፈጥኖ ኃይልን የሚያቋርጠውን መሣሪያ ለመግዛት ዐቅሙ ያለው ሰው አይቈጥብ። እርጥብ እጅ ማብሪያ አይንካ፤ ሕፃናትም ሶኬት መጫወቻ እንዳልሆነ ይማሩ።

በሹመት ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ የየወረዳችሁና የየከተማችሁ የሚመጣው ዓመት በጀት ሲዘጋጅ፥ ለመብራት ማስፋፊያ ከሚጻፈው መደብ በታች ለሽቦ ምርመራ አንድ መደብ እንዲጻፍ እንለምናችኋለን። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ቆጣሪ የሚቀጠልለት እያንዳንዱ አዲስ ቤት፥ ሽቦው በማን እንደ ተዘረጋ፥ በማን እንደ ተመረመረ፥ ምን ያህልም ጭነት እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ ወረቀት በሣጥኑ ይኑረው። ይህ ወረቀት ቢኖር ኖሮ፥ ከላይ የተናገርነው ዳኛ ፍርዱን ለመስጠት ባልተቸገሩ፥ ምናልባትም ክርክሩ ከነጭራሹ ከችሎት ባልደረሰ ነበር።