የጓሮ ነገር፦ ፓፓያችን ለምን አላፈራም?

የምንኖረው ቆላ ነው። ፓፓያ ሙቀት ይወዳል። ጓሮአችን ጠባብ ነው፤ ብዙ ሥራም አንችልም። ስለዚህ አንድ የፓፓያ ችግኝ ተከልን።

ዓመት ጠበቅን። አበበ፤ ግን አላፈራም። ልጆቹ «መቼ ነው የምንበላው?» አሉን። መልስ አጣን። ለካ ዛፉ ወንድ ኖሯል!

ፓፓያ ወንድና ሴት አለው። ሳያብብ አይለይም። የወንዱ አበባ በረጅም ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል። የሴቷ አበባ ግን ግንዱን ይጠጋል።

አሁን ብልሃቱን አወቅን። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጀምር በሁለት ጉድጓድ ሦስት ሦስት ችግኝ ተከልን። ሲያብቡ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ እናስቀራለን። የቀሩትን እንነቅላለን።

እናንተም ውሃ በሚተኛበት ቦታ አትትከሉ፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ፍየል እንዳይበላውም በእሾህ እጠሩት። ጓሮ ቢጠብም ለልጅ የሚሆን ፍሬ አያጣም።