ተራ ቁጥር 9 ላይ ስትደርሱ ቁሙ

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ቶናው ሲቀዳ ልጇ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ «ጋሼ፣ ይህን አይተውታል?» አለኝ። በቴሌግራም የሚዞር የአንድ ድርጅት ማኒፌስቶ ነው፤ አርባ ምናምን ገጽ። «አንብበህ ጨረስከው?» አልኩት። «ሙሉውን እንኳ አላነበብኩትም። ስልኬን አሳጥረህ ንገረኝ ብዬው አምስት መስመር አወጣልኝ። ግን ልክ ናቸው» አለ። ለማን እንደላከው ጠየቅኩት። ለሦስት ግሩፕ። እናቱ ከረከቦቱ ቀና ብላ «እሱ መቼ ሳይልክ ያድራል!» ብላ ሳቀች። ለእኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

አምስቱን መስመር አየኋቸው። ፍትሕ፣ እኩልነት፣ ሥራ፣ የተቀማ ክብርን ማስመለስ፣ ብሩህ ነገ። በዚህ የማይስማማ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ስልኩ አልዋሸም፤ ግቦቹን አንድ በአንድ ለቅሟል። የጣለው መንገዱን ነው። ሰነዱን ተቀብዬ ወደ ኋላኞቹ ገጾች ሳልፍ መንገዱ ተጽፎ አገኘሁት፤ ከመንገዱ ማን እንደሚነሣ ጭምር።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገሩን ሳላድበሰብስ ልናገር። ማኒፌስቶ እንደ ሰርግ ጥሪ ርእሱን ብቻ እያየን የምናስተላልፍበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ይህን ስል ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። በሕይወቴ ካጨበጨብኩላቸው ጽሑፎች ውስጥ እስከ መጨረሻው መስመር ያነበብኳቸው ጥቂት ናቸው።

በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለን። ላዩ ሰም ነው፣ ወርቁ ከሥር ነው ብለን እንጀምራለን። ቅኔ ቤት ይህ ብልሃት ነው፤ ማኒፌስቶ ላይ ግን ገደል ይከተናል። «እነ እገሌ ይወገዳሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመን «ይህ እንኳ ለማለት ያህል ነው፤ ወርቁ ሌላ ነው» እያልን ሳይከፈለን ለጸሐፊው ጥብቅና እንቆማለን። ጸሐፊው የቀበረው ወርቅ የለም። ያሰበውን ነው የጻፈው።

እኛው ቤት ድረስ የመጣ አንድ ማኒፌስቶ ላሳያችሁ። ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ እ.ኤ.አ. በ1876 ግብፅ፣ እስክንድርያ የተወለደ ጣሊያናዊ ባለቅኔ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1909 የፓሪሱ ጋዜጣ ለ ፊጋሮ «የፉቱሪዝም ማኒፌስቶ» የሚለውን ጽሑፉን በፊት ገጹ አወጣለት። ጽሑፉ በአቋም መግለጫ አይጀምርም፤ በታሪክ ነው። ባለቅኔውና ጓደኞቹ ሲያወሩ ያድሩና በመኪና እየከነፉ ይወጣሉ፤ ሁለት ብስክሌተኞች ይገጥሙትና ሊሸሻቸው ሲል ቦይ ውስጥ ይገለበጣል። የፋብሪካውን ጭቃ ውሃ ሲቀምስ ሕፃን ሳለ ያጠባችው የሱዳናዊቷ ሞግዚት ጥቁር ጡት ትዝ ይለዋል። አፍሪካዊቷ ሴት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የገባችው እንዲህ፣ ከቦይ ውሃ ጋር ተመሳስላ ነው። ስንቱ አንባቢ እንደ ጌጥ ቆጥሯት አልፎ ይሆን!

ከታሪኩ ቀጥሎ 11 ነጥቦች በተራ ቁጥር ይመጣሉ። መጀመሪያ አደጋን መውደድ፣ ቀጥሎ ድፍረት። ከዚያ እንቅልፉ ይብቃ ይላል፤ አራተኛው ላይ የፍጥነትን ውበት ያነሣና የእሽቅድምድም መኪናን ከጥንታዊ የግሪክ ሐውልት ያስበልጣል። ወጣት ሆኖ እስከዚህ ድረስ ራሱን የማይነቀንቅ ማን አለ? ሰባተኛው ላይ ያለ ትግል ውበት የለም የሚል ነገር ይመጣል፤ ትንሽ ይከረክራል፣ ግን እናልፈዋለን። ተራ ቁጥር 9 ላይ ጦርነት ይወደሳል፤ የዓለም ማጽጃ እሱ ነው፤ ሴትን መናቅም እዚያው ጎኑ ተቀምጧል። በ10 ቤተ መዘክርና ቤተ መጻሕፍት እንዲፈርሱ ይፈረዳል።

እስቲ ከ4 ወደ 9 የሚያሻግረውን ምክንያት ፈልጉ። መኪና ይፈጥናል፤ እሺ። ፍጥነት ያምራል፤ ይሁን። ታዲያ ዓለም በጦርነት ይታጠብ የሚለው ከየት መጣ? ምክንያት ሊኖር በሚገባው ቦታ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ነገር በተራ ቁጥር ሲደረደር ሂሳብ የተሠራ ይመስለናል። ስምንት ጊዜ የነቀነቀ አንገት ዘጠነኛውን በልማድ ይነቀንቃል። ክርክር መመርመር ማለት ለእኔ ከዚህ የረቀቀ ጥበብ አይደለም፤ «ስለዚህ» የሚለው ቃል ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ «ስለዚህ» የምትለዋ ራሷ ተዘላለች።

ብዙዎች ጽሑፉን የባለቅኔ ጉራ አድርገው ወሰዱት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ሲሻገር ማሪኔቲ ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሰው ነበር። ወዶ ዘመተ። በፋሺስቶቹ ሚሊሻ፣ በጥቁር ሸሚዞቹ «ኦክቶበር 28» ክፍለ ጦር ሆኖ ተምቤን ደረሰ። ለዚሁ ወረራ ብሎም የጦርነትን ውበት የሚያስረዳ ሌላ ማኒፌስቶ ጽፏል፤ የጋዝ ጭምብሉን፣ እሳት የሚተፋውን መሣሪያ፣ በአበባ መስክ መሐል የተጠመደውን መትረየስ እየዘረዘረ ያወድሳል። ጀርመናዊው ዋልተር ቤንያሚን እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ሥነ ጥበብ በጻፈው ድርሰት መጨረሻ ላይ ይህንኑ ጠቅሶ አስጠንቅቋል። በዚያ ወራት ተምቤን ላይ የመርዝ ጭስ ይዘንብ ነበር። ባለቅኔው የጋዝ ጭምብልን ያወደሰው ጭምብል በሌለው ገበሬ አገር ላይ ነው። ከዚህ ውስጥ የተደበቀ አንድም ነገር አልነበረም፤ ከ26 ዓመት በፊት በጋዜጣ ፊት ገጽ ወጥቶ ነበር።

ይኸው ሰው በመሐሉ እጁን ያስገባበት ሌላ ማኒፌስቶ አለ፤ የፋሺስቶቹ። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1919 በሙሶሊኒ ጋዜጣ በኢል ፖፖሎ ዲታሊያ ወጣ። ስሙን ሸፍኜ ባስነብባችሁ ሳትፈርሙበት አትቀሩም። ለሴቶች የመምረጥ መብት፣ በ18 ዓመት መምረጥ፣ በቀን 8 ሰዓት ሥራ፣ የደመወዝ ዝቅተኛ ወለል፣ የጡረታ ዕድሜን ከ65 ወደ 55 ማውረድ፣ ከጦርነት የተገኘ ትርፍን ማስመለስ። ለውጭ ግንኙነቱም ሰላማዊ የሥልጣኔ ውድድር። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1926፣ የሥራ ማቆም አድማ በሕግ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሁሉ ታገዱ። ስለ ሰላማዊው ውድድር ተምቤንን ጠይቁ።

ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ የደረስኩበትን ልናገር፤ የሚከራከረኝ ይከራከረኝ። ማኒፌስቶ የሚዋሸው አብዛኛውን ጊዜ ስጦታ በሚያድልበት ገጽ ላይ ነው። ጠላት በሚጠራበት ገጽ ላይ እውነቱን ይናገራል። ስጦታው ገንዘብ ይጠይቃል፣ ባለሙያ ይጠይቃል፣ ዓመታት ይጠይቃል። ለጠላቱ ጥይት ይበቃዋል።

ወደ ራሳችን ስንመጣ ነገሩ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በ1966 ዓ.ም. ክረምት «ኢትዮጵያ ትቅደም» ተባለ፤ «ያለ ምንም ደም» ተጨመረበት። ቤት ይመታል፤ ትቅደም፣ ደም። ቤት ሲመታ ጆሮ ያምናል። ስለ ደም ማንም ሳያነሣበት «ያለ ደም» ብሎ የሚጀምር ሰው ግን በልቡ ስለ ደም እያሰበ ነው። ደም የምትለዋ ቃል መፈክሩ ውስጥ ምን ትሠራለች ብሎ የጠየቀ ስንት ሰው ነበር? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከመካከላቸው ነበሩ። አድራጊው ራሱን «ጊዜያዊ» ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ብሎ የሰየመው ነው። ያ ጊዜያዊ 13 ዓመት ቆየ፤ እስከ መስከረም 1980።

አንዳንዴ ነገሩ ያለው በአንዲት ፊደል ውስጥ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ፣ «ለ» ምን ማለት እንደሆነች የተከራከረ እምብዛም አልነበረም። አራሹ እንዲያርሰው ነው ወይስ የራሱ እንዲሆን? የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ መለሰ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው፤ አራሹ እስከ 10 ሄክታር ሊጠቀም ይችላል፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ በመያዣ መስጠት አይችልም። አዋጁ የጭሰኛውን ቀንበር ሰብሯል፤ ይህን የሚክድ አባቶቻችን ለባለ ርስት ይገብሩ የነበረውን አያውቅም። ቢሆንም ሰልፍ ከወጡት ውስጥ «ለ»ን በሌላ ትርጉም ይዘው የወጡ ነበሩ። መሬትን በሚመለከተው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ የምንከራከረው በዚያችው ፊደል ነው።

አማርኛችን ራሱ ለማኒፌስቶ ጸሐፊ የዋለለት ውለታ ቀላል አይደለም። ግሱን ወደ ተደራጊ አዙር፤ አድራጊው ተሰወረ። «እንገድላለን» የሚል ማኒፌስቶ አንብቤ አላውቅም። «አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ እርምጃ ይወሰዳል» የሚለውን ግን ከቁጥር በላይ አንብቤአለሁ። ወሳጁ ማን ነው? አስፈላጊ ሆኖ ያገኘውስ? ተሳስቶ ካገኘው ለማን አቤት ይባላል? «እርምጃ» ከመራመድ የወጣች የዋህ ቃል ነበረች፤ በቀይ ሽብር ጊዜ «ነፃ እርምጃ» ስትባል ምን እንደሆነች ግን ጠዋት በሩን ከፍቶ ሬሳ ያየ ሰው ያውቃል። «እኛ»ንም ተከታተሏት። ገጽ 3 ላይ እኛ ማለት ሕዝቡ ነው፣ አንባቢውም አለበት። ገጽ 30 ላይ ስንደርስ እኛ ማለት ድርጅቱ ነው፤ አንባቢው «ሕዝባችን» ተብሎ ወደ ውጭ ወጥቷል። መቼ እንደወጣ አልተነገረውም።

ማኒፌስቶ ሁሉ መርዝ ነው አላልኩም። ሐሳቡን ጽፎ የሚያቀርብ በልቡ ይዞ ከሚዞረው ይሻላል፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቢያንስ «ብለህ ነበር» ብለን እንይዘዋለን። ግን ለመያዝ ማንበብ ይቀድማል። የተማሪዎች ንቅናቄው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረባት ጽሑፍ ጥቂት ገጽ ናት። ስንት ሰው ሲረግማት፣ ስንት ሰው ሲያወድሳት ሰምቻለሁ! «አንብበሃታል?» ስል ወሬ የሚቀይረው ከሁለቱም ወገን ነው።

አሁን የምለምናችሁ ይህን ነው። ከመላካችሁ በፊት ሰነዱን ከመሐሉ ክፈቱት። መግቢያው የተጻፈው ሊያስለቅሳችሁ ነው፤ ይቆያችሁ። ይወሰዳል፣ ይጸዳል፣ ይነቀላል፣ ይወገዳል የሚሉትን ግሶች ፈልጉና ከእያንዳንዱ ጎን የአድራጊውን ስም ለመጻፍ ሞክሩ። ስም ካጣችሁለት ግስ ጎን የራሳችሁን ስም ጻፉበት፤ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ አትላኩት።

ከእህቴ ልጅ ጋር ይህንኑ አደረግን። እስክሪብቶ አምጥቶ በደብተር ላይ ግሶቹን መልቀም ጀመረ፤ መጀመሪያ እየሳቀ ነበር። ሠላሳዎቹ ገጾች ውስጥ ስንገባ ሳቁ ቆመ። አንድ ቦታ ላይ ድርጅቱ ጠላቶቼ ያላቸውን ሰዎች «አረም» ብሎ ጠርቷቸዋል፤ ግሱን እናንተው ታውቁታላችሁ። ጮክ ብሎ ሲያነበው እህቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። «እነማን ናቸው አረሞቹ? የታችኛው ቤት ሰዎች ናቸው? ትናንት ወንፊት ያዋሱኝ?» አለችው።

መልስ አልሰጣትም። በረካው ሳይቀዳ ስልኩን አነሣ። ከሁለቱ ግሩፕ አጠፋው። ከሦስተኛውም አጠፋው፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ግን ወደየራሳቸው ግሩፕ አስተላልፈውት ነበር።