በዘር የሚተርፍና በሥር የሚተርፍ

መስከረም 26 ቀን የገባው ዘመነ ጽጌ ኅዳር 5 ቀን ሲፈጸም፣ የየቤቱ ጓሮ የሚጸዳበት ጊዜ ይደርሳል። በተለይም በአዲስ አበባ፣ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊው ሁሉ ተሰብስቦ ስለሚቃጠል፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ዶማና መጥረጊያ ያልያዘ ቤት ጥቂት ነው። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ዶማው ከመነሣቱ በፊት የቤቱ እመቤት በጓሮዋ አንድ ጊዜ ዞራ፣ ከደረቁት ተክሎች የትኛው የሞተ፣ የትኛው ደግሞ የተኛ እንደ ሆነ መለየት ይገባታል። ይህን ሳይለዩ መጥረግ የሚያመጣውን ጸጸት እኛው ራሳችን ስላየነው፣ የዛሬውን ዓምዳችንን ለዚሁ ነገር ሰጥተነዋል።

አባቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ በዕለተ ሠሉስ የተገኙትን በሦስት ወገን ይከፍሏቸዋል፤ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቈረጡ ዕፀዋት ይሏቸዋል። በማጭድ የሚታጨደው ጤፍና ስንዴ በአንድ ዓመት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦ፣ አፍርቶ እንደሚሞት ልጅም ያውቃል። በምሳር የሚቈረጠው ወይራና ጽድ ደግሞ ከተከለው ሰው የልጅ ልጅ ዕድሜ በላይ እንደሚቆም የየደብሩ ቅጽር ይመሰክራል። ስሕተት የሚመጣው በእጅ በሚለቀመው ላይ ነው። በአንድ መደብ ጎን ለጎን፣ በአንድ ውኃ አድገው፣ አንዱ ለዓመት ብቻ የተፈጠረ፣ ሌላው ግን በያመቱ ከሥሩ የሚያቈጠቁጥ ቋሚ ተክል ይሆናል።

በሶብላ፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽና ፌጦ ዓመታውያን ናቸው። የእነዚህ ኃይል በሥር አይከማችም፤ ያላቸውን ሁሉ ለዘራቸው ሰጥተው ያልፋሉ። ስለዚህ የሚጠበቀው ተክሉ ሳይሆን ዘሩ ነው። ብዙዎቻችን የምንስተው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ያማረውን ቀድመን ለወጥ እንቀጥፍና፣ ለዘር የሚተርፈው የቀጨጨው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዘር የዘራ ሰው በሚመጣው ዓመት መሬቱን ባያማ መልካም ነው። ከመደቡ መካከል ሁለትና ሦስት ያማሩትን ገና በለጋነታቸው ክር አስሮ መለየት፣ ቅጠላቸውንም አለመንካት፣ ራሳቸው ላይ ሲደርቁ ዘራቸውን አራግፎ እርጥበት በማይደርስበት ቅል ወይም ጠርሙስ ማኖር ይገባል። አደይ አበባም ከዚሁ ወገን ናት። ልጆች ለእንቍጣጣሽ ሲቀጥፏት ደስ ይለናል፤ ሳትቀጠፍ የቀረችው ናት ግን ዘሯን አርግፋ የከርሞዋን የምታበቅለው።

ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ዳማከሴ፣ ጠጅ ሣርና ጌሾ ግን ቋሚዎች ናቸው። የእነዚህን ቦታ አንድ ጊዜ አስቦ መስጠት ይሻላል፤ በያመቱ በሚቈፈር መደብ መካከል ከተተከሉ ዶማው ሥራቸውን እየቈረጠ ያመነምናቸዋል። ስለዚህ ቦታቸው በአጥር ሥር ወይም በጓሮው ጠርዝ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠላቸውን በስስት መቅጠፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ጌሾን ቢመለምሉት መልሶ ያቈጠቍጣል። ጤና አዳም እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ ቅጠሉ ሲሳሳ፣ ከጫፉ ቈርጦ ሌላውን መትከል ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያሉ ቤተሰቦችም በደጃቸው በቆርቆሮ ተክለው ለቡና ሲቀጥፉት አይተናል።

ከሁለቱ ወገን በቀላሉ የማይመደብም አለ። እንሰት ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ነገር ግን በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። በርበሬ ደግሞ ውርጭ በማይደርስበት አገር ከዓመት ዓመት ሊኖር የሚችል ሲሆን፣ ገበሬው እንደ ዓመታዊ ቈጥሮ ይዘራዋል። እንግዲህ የተክሉ ተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን የአገሩ ብርድም ይወስናል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል፤ በዚህ ለዓመታት በየመስኮቱ የሚያብበው ጄራኒዮም፣ በዚያ ወደ ቤት ካልገባ ክረምቱን አያልፍም።

ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። እናታችን ወደ ትዳር ስትመጣ ከትውልድ ቀዬዋ ያመጣችው እንሶስላ በአጥራችን ሥር፣ ውኃ በሚወርድበት በኩል ነበረ። እንሶስላ ክረምት ሲገባ ይለመልማል፤ በጋ ሲመጣ ግንዱና ቅጠሉ ደርቆ ይወድቃል፤ ሕይወቱ ግን ከመሬት በታች በወፍራሙ ሥሩ ውስጥ ተጠብቆ ይቆያል። በቤተሰባችን የተዳሩት ሴቶች ልጆች ሁሉ እጅና እግራቸውን የሞቁት ከዚያ ሥር ነው። እናታችን ባረፈች በዓመቷ የኅዳር ጽዳት ደረሰና፣ የደረቀውን አገዳ አይተን ጎመን ልንተክልበት አሰብን። የቀን ሠራተኛው ሲቈፍር ሥሩን አንሥቶ «ይህስ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። «ከጥራጊው ጋር ጣለው» ያልነው እኛው ነን። ኅዳር 12 ቀን ከጥራጊው ጋር ተቃጠለ።

ሰኔ ገብቶ ዝናም ሲጥል ከአጥሩ ሥር ከጎመን በቀር የበቀለ አልነበረም። በተከታዩ ጥር የእኅታችን ልጅ ሠርግ ሆነና የአያቷን እንሶስላ ጠየቀችን። እንሶስላ ከገበያ ይገኛል፤ ልጅቱ የጠየቀችው ግን እርሱን አልነበረም፤ የምንመልስላትም አጣን።

ሥሩን ያገኘነው ከማናስበው ስፍራ ነው። ከእናታችን ጋር ማኅበር ይጠጡ የነበሩ አንዲት አሮጊት የሠርጉን ሥራ ሊያግዙ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ፣ «ልጆቼ፣ የእናታችሁ እንሶስላ እኮ ከእኔ ጓሮ አለ፤ ማኅበሩ ከእናንተ ቤት በዋለ ጊዜ ከፍላ የሰጠችኝ ነው» አሉ። በማግሥቱ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡት። ከፊሉ ለሙሽራይቱ ተወቀጠ፤ ከፊሉም ተመልሶ ከአጥሩ ሥር ተቀበረ።

ዓመታዊ ተክል በቅል ውስጥ ይቀመጣል፤ ቢጠፋም ከገበያ አንድ ስኒ ዘር ይገዛል። እንሶስላን፣ ኮሰረትን፣ ጠጅ ሣርን የመሰለው ግን የሚኖረው በተተከለበት ስፍራ ብቻ ነው፤ በአንድ ጓሮ ብቻ ያለ እንደ ሆነ የአንድ ቀን ዶማ ይበቃዋል። የቀድሞ እናቶች ቍራጭ ሥር ለጎረቤት መስጠትን ሲያዘወትሩ፣ ቸርነት ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ ጎተራቸውም ያ ኖሯል! በዚህ ዓመት እኛም ከጠጅ ሣሩ ግማሽ ጕንጕኑን ከሥሩ ከፍለን ለሦስት ጎረቤቶች ሰጥተናል፤ ከእንሶስላውም ሥሩ ሲወፍር እንዲሁ ልናደርግ አስበናል።

የእንሶስላው ቅጠል ገና አልረገፈም። በዚህ ሳምንት ግን አጠገቡ ችካል ተክለን ቀይ ጨርቅ አስረንበታል፤ ለቀን ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለራሳችንም ጭምር ነው።