ሰኔ 30 በድንገት አይመጣም

ሰኔ አጋማሹን ሲያልፍ በቆሼ፣ በዘነበወርቅና በአየር ጤና ያሉ ትንንሽ ህትመት ቤቶች እንቅልፍ ያጣሉ። አንዱ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ 500 ቲሸርት ይፈልጋል፤ ሌላው ለስብሰባ ተሳታፊዎቹ ስማቸው የተጻፈበት ማግ ያዛል። የሁሉም ትእዛዝ የሚጀምረው «አስቸኳይ ነው» በሚለው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ ከፋይናንስ ኃላፊው እስከ ጥበቃው የማያውቅ የለም። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ የተኛው የግዢ ጥያቄ ሰኔ 20 ላይ ይነቃል። ገንዘቡ ሳይመለስ ተብሎ ሦስት ፕሮፎርማ በጥድፊያ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ዕቃው በሦስት ቀን እንዲደርስ ይጠየቃል። ወረቀቱን ያዘገየው ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል፤ ሌሊቱን የሚያድሩት በቀን ሒሳብ የሚሠሩት ልጆች ናቸው።

ይህን ሥራ በቅርብ ያላየ ሰው ማሽን ተጭኖ የሚወጣ ነገር ይመስለዋል። እስቲ በሒሳብ እንየው። በሂት ፕሬስ (በሙቀት መጫኛ ማሽን) አንድ ቲሸርት ማተም፣ ጨርቁን ዘርግቶ፣ ምስሉን አስተካክሎ፣ ተጭኖ፣ ላጥ አድርጎ እስኪያነሱት ድረስ ቢፈጥን አንድ ደቂቃ ይፈጃል። 500 ቲሸርት፣ ሠራተኛው ውኃ እንኳን ሳይጠጣ፣ ከስምንት ሰዓት በላይ ነው። ጀርባውም ይታተም ከተባለ ከአሥራ ስድስት ሰዓት አለፈ። ማግ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ አራት ደቂቃ ማሽኑ ላይ ከቆየ 300 ማግ በአንድ ማሽን 20 ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ መብራት ካልጠፋ ነው። መብራት ከጠፋ ፕሬሱ ይቀዘቅዛል፤ ሲመለስም እስኪሞቅ ይጠበቃል።

በስክሪን ማተም ለብዛት ይሻላል፤ ነገር ግን የራሱ ጣጣ አለው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ይዘጋጃል፤ መረቡ ኢሙልሽን የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፣ በጨለማ ይደርቃል፣ ብርሃን ይመታዋል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይደርቃል። ባለ ሦስት ቀለም አርማ ሦስት ፍሬም ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ 500ውም ሆነ 1,000ው ቶሎ ቶሎ ይወጣል። በየቲሸርቱ ላይ የየሰው ስም ይጻፍ ሲባል ግን ስክሪኑ አይረዳም፤ የጋራው አርማ በስክሪን ታትሞ ሲደርቅ ስሙ አንድ በአንድ በሂት ፕሬስ ይጨመርበታል። በችኮላ ያልደረቀ ቀለም ላይ ሙቀት ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን የህትመት ሰዎች ያውቁታል። የሚከስሩትም እነሱ ናቸው።

ስም ሲባል ደግሞ የአማርኛ ስም ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ፤ ዓለም፣ አለም፤ ሠናይት፣ ሰናይት። የስሙ ባለቤት በመታወቂያዋ ላይ በአንዱ ፊደል፣ በስልኳ በሌላው ልትጽፈው ትችላለች፤ ቲሸርቱ ላይ ግን አንዴ ከታተመ አይፋቅም። ዝርዝሩ በቴሌግራም ይላካል። ዲዛይነሩ ፋይሉን ሲከፍተው፣ ላኪው የተጠቀመበት የግዕዝ ፎንት በእሱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ስሞቹ ወደ አራት ማዕዘን ሳጥንና ወደ እንቆቅልሽ ይለወጣሉ። እንደገና ሲተይበው አንድ ስም ይዘላል፣ አንዱን ይደግማል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣል የመጨረሻው መልእክት፦ «ወንድሜ፣ ሁለት ሰው ተረስቷል፤ አንዱ ደግሞ ኤል ሳይሆን ኤክስኤል ነው።» 200 ስም በእርጋታ የሚያነብ ሰው ግማሽ ቀን ቢሰጠው ከዚህ ስሕተት አብዛኛው ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። አስቸኳይ ትእዛዝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰርዘው ያንን ግማሽ ቀን ነው።

ገንዘቡ ይበልጥ ያሳስበኛል። ባዶ ቲሸርት ከመርካቶ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። በአንድ ጠዋት 500 ተመሳሳይ ቀለም፣ በየልኩ፣ ማግኘት ዘበት ነው፤ ከሁለት ነጋዴ የተገዛ ነጭ እንኳን ጎን ለጎን ሲቀመጥ አንዱ ወደ ቢጫ ያደላል። ባለ ህትመት ቤቱ ይህን ሁሉ ከኪሱ ወይም ከእቁቡ ያወጣል። መሥሪያ ቤቱ የሚከፍለው ዕቃውን ከተረከበ፣ ደረሰኙ ከተመረመረና ቼኩ ከተፈረመ በኋላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀለሙም ወረቀቱም ማሽኑም ከውጭ በሚመጣበት ሥራ፣ ባለፈው ወር በሰጠው ፕሮፎርማ ዛሬ እንዲያትም የሚገደድ ሰው ላቡን ብቻ ሳይሆን ካፒታሉንም ነው የሚሰጠው። ቀብድ ሲጠይቅ «አታምነንም እንዴ?» ይባላል። የእምነት ጉዳይ አይደለም። የጨርቅ መግዣ ነው።

በጥድፊያ መምጣት መብቱ የሆነ ትእዛዝ ግን አለ። የሐዘን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ በሥሩ ያሉትን ቤቶች ሲውጥ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ለቀናት አስከሬን ሲፈለግ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን፣ የእናቶቻቸውን ፎቶ በእጃቸው ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ ቀብሩም ላይ ፎቶው ከፊት ሄደ። በእኛ አገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሞተ ዕለት ወይም በማግስቱ ይቀበራል። ከመታወቂያ ላይ የተነሳች ትንሽ ፎቶ እስከ ጠዋት ድረስ አድጋ፣ ጠርታ፣ በፍሬም ወይም በደረት ላይ መድረስ አለባት። ለዚህ ሌሊቱን የሚያድር አታሚ ከለቀስተኛው አንዱ ነው፤ ማንም «ለምን ቀደም ብላችሁ አልነገራችሁኝም?» አይልም።

ያልታሰበ ደስታም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ማሊያ በዋዜማው በሺህ አትሞ መጠበቅ ለማን ይቻለው ነበር? እንዲህ ያለ ሌሊት ቢታደርለትም ደስ ይላል።

የቀረው ሁሉ በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፎ ያለ ነገር ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ታቦት የሚያጅቡት የየሰፈሩ ወጣቶች ቲሸርት ግን የሚታዘዘው ገና ካለፈ በኋላ ነው። የተማሪዎች ምርቃትና ከለር ዴይ ዓመቱ ሲጀመር የታወቀ ነው። ሠርግም ሽማግሌ ከተላከበት ቀን ጀምሮ ይታወቃል። ብዛት በራሱ ችግር እንዳልሆነ ለመረዳት ታላቁ ሩጫን ማየት ይበቃል። ኃይሌ ገብረሥላሴ የመሠረተው ይህ ውድድር ኅዳር 16 ቀን 1994 በ10,000 ሰው ተጀመረ፤ ዛሬ ከ40,000 በላይ ሰው ይሮጥበታል፤ ለሁሉም ቲሸርት አለ። ምዝገባው አስቀድሞ ስለሚደረግ ስንት ሰው እንደሚሮጥ ይታወቃል። ለ200 ሰው ስብሰባ የሚዘጋጅ ኮሚቴ ይህን ማድረግ የሚያቅተው ምን ሆኖ ነው?

ጥድፊያው የሚያስከትለው ብክነት ደግሞ እዚሁ ቆሼ እየመጣ ይወድቃል። ስሙ የተሳሳተ ቲሸርት ለሌላ ሰው አይሸጥም። ቀኑ የተጻፈበት ባነር በማግስቱ ዋጋ የለውም፤ ጨርቅ ቢመስልም ፕላስቲክ ነው፣ አይበሰብስም። እዚሁ ያለው የረጲ የኃይል ማመንጫ በነሐሴ 2010 ሲመረቅ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ ነበር፤ ክምሩ ግን ዛሬም አለ፤ በላዩ ላይ የሚጠቅመውን ለቅመው የሚኖሩ ሰዎችም አሉ። በቸልታ በዘገየ ወረቀት ምክንያት ተበላሽቶ የሚጣል ዕቃ ያ ሁሉ ሰው በተቀበረበት ሰፈር ላይ ሲጨመር ሳስብ እቆጣለሁ።

ለባለ ህትመት ቤቶቹም የምለው አለ። ለሁሉም «እሺ» ማለት ደንበኛ አያበዛም። ትእዛዝ ሲቀበሉ ግማሹን ቀብድ ይያዙ፤ የስም ዝርዝሩን አትመው አዛዡ እያንዳንዱን ስም አንብቦ ይፈርምበት፤ ከፊርማው በኋላ የተጨመረ ስም ዋጋው የተለየ ይሁን። በሦስት ቀን ለሚፈለግ ሥራ የሌሊቱን ክፍያ ከቲሸርቱ ዋጋ ለይተው ፕሮፎርማው ላይ ይጻፉት፤ ያም ገንዘብ ላደሩት ልጆች ይድረስ። ጎረቤት ያሉ ሦስት ህትመት ቤቶች አንድን ትልቅ ትእዛዝ ተካፍለው ቢሠሩ ደግሞ 500ው ቲሸርት በአንድ የሥራ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቃል። ይህን በፉክክር የማይሞክሩት ብዙ ናቸው፤ ቢሞክሩት ይጠቀማሉ።

የመሥሪያ ቤት ግዢ ክፍሎች ደግሞ የሰኔን ቲሸርት በመጋቢት ይዘዙ። የጥምቀት ኮሚቴዎችም የቲሸርቱን መዋጮ በኅዳር ሰብስበው፣ የስሙን ዝርዝር ከነልኩ በታኅሣሥ መጀመሪያ ያስረክቡ።