የጎደለው ፊርማ ነው
በ1994 ዓ.ም. የአማራ ክልል ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ሲያወርድ፣ ሐሳቡ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ገበሬ ጉዳዩን እዚያው በወረዳው ከተማ በደነባ ጨርሶ በጊዜ ቤቱ እንዲገባ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ከዚያ ወዲህ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፣ የዜጎች ቻርተር መጣ፤ አገልግሎቱና የሚፈጀው ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ፖሊሲ አልጎደለንም፤ የጎደለው ፊርማ ነው። እንዲህ ካለ ሰሌዳ ሥር አንድ አዛውንት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አይቻለሁ፤ የይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ጫማቸው ላይ የዋልካ ጭቃ ደርቆ። «አባባ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሰኞ ይመለሱ» አላቸው ሠራተኛው፣ በትሕትና። ትሕትናው ግን የሰኞን መንገድ አያሳጥርም። ልጁን አልወቅስም፤ መዝገቡ እጁ ላይ ነው፣ ማኅተሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ለነዳጅና ለወረቀት የሚተርፈው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ውክልና መስጠት ግን ሳንቲም አያስወጣም። ኃላፊ ለስብሰባ ሲወጣ የሚፈርም ሰው በጽሑፍ ይወከል፤ ለባለጉዳይም ጉዳዩ ያልተፈጸመበት ምክንያትና የቀጠሮው ቀን ተጽፎ ይሰጠው። በ2017 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ደስ ያሰኛል፤ እሱ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን ውክልናውንና የጽሑፍ ቀጠሮውን ለመጀመር፣ ያውም ስንዴውና ምስሩ ለአጨዳ ሳይደርስ፣ ደነባ የማንንም ሰርኩላር መጠበቅ የለባትም።